ለጉዞ ጊዜ ስለ ማውጣት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጉዞ ጥቂት እንድንናገር የዕድሩ ዳኛ ስላዘዙን በፊታችሁ ቆመናል። ጉዞና ዕድር ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የእኛ የዕድርተኞች ጉዞ የታወቀ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ እንነሣለን። ሟች ከከተማ ውጭ የሚቀበር እንደሆነ መኪና ተኮናትረን፣ ሌሊት ገስግሰን፣ አልቅሰን፣ ንፍሮ ቀምሰን በማግሥቱ እንመለሳለን። ያየነው አገር ሁሉ በእንባ መካከል ያየነው ነው። ከመካከላችን ቢሾፍቱ አሥር ጊዜ ለቅሶ ደርሶ ሐይቁን አንድ ቀን ያላየ ሰው አለ፤ ስሙን አንጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል።

ታዲያ ለሐዘን የምናወጣውን ጊዜ ያህል ባይሆን እንኳ፣ ሩቡን ለደስታና ለማወቅ ብናወጣው ምን ይለናል? ጊዜ የለንም ይባላል። ይህን የሚለው ሥራ የበዛበት ወጣት ቢሆን በወደድን፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ግን ከቁርስ እስከ ምሳ አጥር ጥግ ፀሐይ የሚሞቀው ጡረተኛ ነው። ገንዘቡ እውነት ነው፣ ይከብዳል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. የተጓዝን ሰዎች ስድስት ወር ሙሉ በየወሩ 200 ብር እያዋጣን ነው የሄድነው። ስንቃችንን ቋጥረን፣ አንድ ሌሊት አዳማ አድረን፣ ሁለት ቀን ተጉዘን ተመለስን። ወሩ ኅዳር ነበር።

የሄድነው አዋሽን ተከትለን ነው። ይህ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ይነሣል። ከተማችንን በሩቁ በስተደቡብ ዞሮ ወደ ቆቃ፣ ወደ ወንጂ፣ ወደ መተሐራ ይወርድና በአፋር በረሃ አድርጎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ በጂቡቲ ድንበር አቤ በሚባል ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር የሚባል ነገር አያይም። እኛ በጽሕፈት ሥራ ዕድሜያችንን የጨረስን ሰዎች የሞጆን፣ የወለንጪቲን፣ የመተሐራን ስም በገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ ጽፈናል! አገሮቹ ግን ለእኛ ቀለም ብቻ ነበሩ።

ከሞጆ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቆቃ ስንደርስ ወረድን። የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ታላላቅ ግድቦች ስለ ተሠሩ ዛሬ እንደ ትንሽ ይቆጠራል፤ በእኛ ልጅነት ግን መብራት ማለት ቆቃ ነበር። በዳርቻው አንድ ገበሬ ሽንኩርት ውሃ ሲያጠጣ አገኘነውና ሰላምታ ሰጠነው። ኦሮምኛ የሚያውቁ አንዲት እናት አብረውን ስለ ነበሩ ያስተረጉሙን ጀመር። ከየት መጣችሁ አለ። ከአዲስ አበባ አልነው። ሰውየው ሳቅ ብሎ፣ «ያንን ቆሻሻ ውሃ የምትልኩልን እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለን።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ከደጃችን የምትወርደው ቀበና ከትልቁ አቃቂ ትገባለች። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወርደው አዋሽ ይገባሉ፣ አዋሽም ቆቃ ይገባል። እኛ ማታ በጨለማ ወደ ወንዙ የምንደፋው ሁሉ የሚሄድበት አገር አለው ማለት ነው። ያ ሽንኩርት ደግሞ በመኪና ተጭኖ ተመልሶ ወደ እኛ ገበያ ይመጣል። ይህን በሬዲዮ ብዙ ጊዜ ሰምተነው ይሆናል፤ ሰው ፊቱን አዙሮ ሲነግረን ግን ሌላ ነው። ያቺ ኦሮምኛ አዋቂ እናት ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት በከተፉ ቁጥር ሰውየው እንደሚታያቸው ነግረውናል። በግቢያቸው ወደ ወንዙ የሚደፋ ሰው ካዩም ወዮለት!

በማግሥቱ ወንጂን አየን። የመጀመሪያው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንድ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ተዘግተው ዛሬ የሚሠራው አዲሱ ነው። ከዚያ ወደ መተሐራ ወረድን። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲወገድ በእሳት ይለቀቃል፤ ቆራጮቹም በገጀራ ሲቆርጡ ውለው ጥላሸት ለብሰው ይወጣሉ። ብዙዎቹ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ አገር ለሥራ የመጡ ናቸው። አብረውን የነበሩ አንድ አባት፣ ዘመናቸውን በዳቦ ቤት የጨረሱ ሰው፣ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ስኳር ከምን እንደሚወጣ ሳላይ መሞቴ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ሻይ ሲጠጡ አንድ ማንኪያ እንጂ ሁለት አይጨምሩም ነበር፤ ለጤና ብለው ሳይሆን፣ ያ ጥላሸት የለበሰ ልጅ ትዝ እያላቸው ነው። እኛም ከሸማቾች ማኅበር ስኳር ለመውሰድ ተራ ስንጠብቅ ወሬያችን ተለውጧል። ድሮ ስለ ተራው መርዘም ብቻ ነበር የምናወራው።

መተሐራ መግቢያው ላይ በሰቃ የሚባል ሐይቅ አለ። የሚገርም ነገር ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አንዱ ምክንያት ከእርሻው የሚሰርገው የመስኖ ውሃ ነው ይባላል። ውሃው ጨዋማ ስለ ሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆንም። መንገዱን እየዋጠ ስላስቸገረ ከፍ አድርገው ሠርተውታል። ከሐይቁ ባሻገር የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ ከጥንት እሳት የተፋ ተራራ ነው። ከበታቹ ያሉት የከረዩና የአፋር ሰዎች ግመላቸውን እየነዱ ሲያልፉ አይተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ተመለስን።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አናስቸግራችሁም ነበር። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ ኮንዶሚኒየም ያሉ ልጆቻችን በሌሊት በነጠላ ጫማ ወደ ውጭ ሲሮጡ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ በኩል ግን መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። ያን ጊዜ በዕድራችን የተነሣውን ክርክር እናውቀዋለን። የመተዳደሪያ ደንባችን የዕድሩ ገንዘብ ለቀብር እንጂ ለሌላ እንዳይወጣ ስለሚያዝ፣ አንነካውም ያሉት አባላት ትክክል ነበሩ። ታዲያ ከኪሳችን እናዋጣ ብለው ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እነማን ነበሩ? እነዚያው ኅዳር ላይ አውቶቡስ ውስጥ የነበሩት። ያልሄዱት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፈንታሌ ለእነሱ በዜና የሚጠራ ስም ነበር። ለሄዱት ግን ሻይ የቀዳችላቸው ሴት አገር ነው። በየሰው 100 ብር ተዋጥቶ በወረዳችን በኩል ተላከ፤ በኋላም ያልሄዱት ጭምር ጨመሩበት።

ያ የዳቦ ቤቱ አባት ባለፈው የካቲት ዐርፈዋል፣ እኛው ነን የቀበርናቸው። በድንኳኑ ውስጥ ሦስቱንም ቀን የተወራው ስለ አገዳው፣ ስለ ግመሎቹ፣ አዳማ ባደርንበት ክፍል በሙቀቱ ምክንያት በሌሊት ጋቢያቸውን አውልቀው ስለ ወረወሩት ነገር ነው። ልጆቻቸው አባታቸው እንዲህ ተጫዋች መሆናቸውን ያን ቀን ከእኛ ሰሙ። እኛም ለቅሶ ቤት ከካርታ ጨዋታና ከፖለቲካ ሌላ የምናወራው አገኘን።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። የፊታችን ጥቅምት የወንዙን ራስ ለማየት ወደ ጊንጪ ለመሄድ ታስቧል። ቅርብ ስለ ሆነ የመንገዱ ሁኔታ ከተጠየቀ በኋላ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል። መዋጮው በየወሩ ከዕድሩ ክፍያ ጋር ሳይቀላቀል በተለየ ደረሰኝ ይሰበሰባል። መሄድ የምትፈልጉ ከዛሬው ስብሰባ በኋላ በዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ተመዝገቡ። ጉልበት የሚያማቸው እናቶች የፊት ወንበር ስለሚያዝላቸው አይስጉ። ቢሾፍቱን ያላየው ወንድማችን ስሙ በመዝገቡ የመጀመሪያው መሥመር ላይ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ሳናማክረው ነው የጻፍነው።