የሚገጨው የበር ምሰሶ

አቅራቢ፦ ከጣርማበር ወርዶ ሸዋ ሮቢትን በሚያቋርጠው የደሴ መንገድ ዳር ግቢ ያላችሁ፣ የበራችሁ ምሰሶ ለጋሪ፣ ለባጃጅና ወደ ኋላ ለሚመለስ አይሱዙ የተጋለጠ ነው። እንዴት ይጽና?

ምሰሶ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ውሃና ምስጥ ቀድመው ያዳከሙት እዚያ ላይ ነውና። የቆላውን ምስጥ ወይራና ጥድ ከባሕር ዛፍ በተሻለ ይቋቋማሉ። ልጡን ልጣችሁ አድርቁት። ከቁመቱ ሲሶውን ቅበሩ። አፈሩን በአንዴ አትመልሱ፤ አንድ ስንዝር እየጨመራችሁ ከድንጋይ ጋር ጠቅጥቁ፣ ውሃ እንዳይተኛም ዙሪያውን አጎብጡት።

አሁን ዋናው ነገር። ሐዲድ ወይም ኮንክሪት የሞላ ቱቦ በአስፋልት ዳር አትትከሉ፤ እባካችሁ! የማይበገር ምሰሶ የሚገጨውን ሰው ይገድላል። በአሜሪካ በብዙ ቦታ የፖስታ ሳጥን በቤት ፊት መንገድ ዳር ይቆማል፤ የመንገድ ባለሥልጣናቱ የሚመክሩት ከ10 በ10 ሴንቲሜትር ያልበለጠ እንጨት፣ ከ60 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ነው፤ መኪና ሲገጨው እንዲሰበር ወይም እንዲነቀል። እኛ ዘንድ ፖስታ ቤት ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም ደብዳቤያችንን ከፖስታ ቤቱ ሳጥን ስለምንወስድ፣ መንገድ ዳር የሚቆመው የበራችን ምሰሶ ነው። አደጋው ግን ያው ነው።

ጠንካራውን ምሰሶ ከመንገዱ አርቃችሁ ወደ ግቢ አስገቡት። እዚያ መኪና ቀስ ብሎ ስለሚገባ፣ ጎማ የሚመልስ ትልቅ ድንጋይ ከፊቱ ቅበሩለት። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በበጋ ሲሰነጠቅ ዙሪያውን ደግማችሁ ጠቅጥቁ።