የአባይ በረሃ ውሃና የእኛ መሻገሪያዎች

ዛሬ የማጫውታችሁ አባይ በረሃን በጀልባ ስለወረዱ ሰዎች ነው። የውሃ ምህንድስና ባለሙያ እንደመሆኔ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ በጥሞና ተከታትያለሁ። ወንዙ ያስተማራቸው ጥንቃቄ ክረምት በመጣ ቁጥር የእኛን የጎጃም ወንዞች፣ ብርን፣ ተምጫን፣ ፈጣምን ወይም ግልገል አባይን በእግሩ ለሚሻገር ሰው ነፍስ አድን ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ወንዙን እንየው። ግልገል አባይ ሰከላ ከግሽ አባይ ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ይወርዳል። ብርና ፈጣም ግን ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው በቀጥታ አባይ በረሃ ይገባሉ። ጣና የገባው ውሃ በባሕር ዳር ይወጣና ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ነው እነዚህን ወንዞች የሚያገኛቸው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ወንዙ እስከ 1,500 ሜትር ይጠልቃል።

ይህንን ሸለቆ በጀልባ እወርዳለሁ ብሎ ቀድሞ የሞከረው ማክሚላን የሚባል ባለጸጋ አሜሪካዊ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የብረት ጀልባዎች አስገጣጥሞ ተነሳ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ጀልባዎቹ ተሰባበሩበት። ከእርሱ በኋላ የመጣውና ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማን ብልህ ሰው ነበር፤ በጀልባ መውረዱን ትቶ በበቅሎና በእግር የሸለቆውን አፋፍ ተከትሎ ለዓመታት ካርታ ሠራ። ለእኔ ከሁሉም ሥራ የላቀው የእርሱ ነው። ወንዙን ከላይ ሆኖ ያጠናው ቺዝማን ለኋለኞቹ መንገድ ጠርጓል።

በነሐሴ 1960 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ቡድን መጣ። ለላይኛው፣ ድንጋይ ለበዛበት ክፍል የያዙት በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎችን ነበር። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይጎደጉዳል፣ ይቀደዳል፤ ጎማ ነጥሮ ያልፋል። በመጨረሻም ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ቀዛፊዎች ከሰከላ ምንጭ ተነስተው፣ በጎማ ጀልባና በካያክ ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ በ114 ቀን ጉዞ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. እስክንድርያ ገቡ። ካያክ ማለት አንድ ሰው ወገቡ ድረስ ገብቶ የሚቀመጥባት ጠባብ ጀልባ ናት፤ ብትገለበጥ እንኳ ቀዛፊው ሳይወጣ በመቅዘፊያው መልሶ ያቃናታል። የዚያ ጉዞ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለው የታችኛው ክፍል ዛሬ ወንዝ መሆኑ ቀርቷል። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዳሴ ግድብ ውሃ ሲይዝ ሸለቆው የንጋት ሐይቅ ሆኗል።

እነዚህን ሰዎች የከበዳቸው ምን ነበር? አዞ አለ፣ ጉማሬ አለ፣ በየዘመኑ ሽፍታም ነበረ። ከሁሉ የሚከብደው ግን መውጫ ማጣቱ ነው። ከጢስ አባይ በታች ድልድዮቹ ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ አላታ፣ ሰባራ ድልድይ፣ ሸፋርታክ፣ ከዚያም ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለው። በመካከላቸው ጀልባው የጠፋበት ሰው ገደሉን በእጁና በእግሩ መውጣት አለበት፤ እግሩ የተሰበረ እንደሆነማ ሐኪም ቤት የቀናት መንገድ ነው። ስለዚህ የቀዛፊነት ሙያ የመጀመሪያ ሕግ ያላየኸውን ውሃ አትግባበት የሚል ነው። ቀዛፊዎች የውሃውን ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰሙ ዳር ይይዛሉ፤ ወርደው፣ በድንጋዩ ላይ ተራምደው፣ እስከ መጨረሻው አይተው ይመለሳሉ። ካላመኑበት ጀልባውን ተሸክመው በእግር ያልፋሉ። የጢስ አባይን ፏፏቴ ያለፉትም በእግር ነው። ጀልባውን በመሸከሙ የሚያፍር አዋቂ ቀዛፊ የለም።

አሁን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በ1960ው ጉዞ ከቡድኑ አንድ ወታደር በውሃ ሞቷል። የሞተው የጎማ ጀልባዎቹ በተገለባበጡበት በትልቁ ወንዝ ላይ አልነበረም። ወደ አባይ የሚገባ አንድ ገባር ሲሻገር ነው ውሃ የወሰደው። ያን ሁሉ መሣሪያና ሥልጠና ይዞ የመጣ ሰው፣ እኛ ገበያ ስንሄድ እንደምንሻገረው ባለ ወንዝ ቀረ።

ምክንያቱን ላስረዳ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት ጉልበትህ ድረስ ሆኖ ያለፍከው ወንዝ ዛሬም ጉልበትህ ድረስ ሆኖ ሊጥልህ ይችላል፤ ጥልቀቱ ባይለወጥም ፍጥነቱ ተለውጧል። ደግሞ የሚያሰጥመው ብዙ ጊዜ ጥልቀት ሳይሆን እግር ነው። ሰው ሲወድቅ ቶሎ ለመቆም ይፈልጋል፤ እግሩ በሁለት ድንጋይ መካከል ይሰነቀራል፤ ውሃው ከኋላ እየገፋ አንገቱን ደፍቶ ያስቀረዋል። ዋናተኛም ቢሆን በጭን በሚደርስ ውሃ እንዲህ ይሞታል።

ቀዛፊዎች የሚማሩት ታዲያ ይህንን ነው። ውሃ ከወሰደህ አትቁም። በጀርባህ ተንጋለል፤ እግርህን ወደምትወሰድበት አቅጣጫ ዘርግተህ ወደ ላይ አንሳ፤ ድንጋዩን እግርህ ይግፋው። ውሃው ረጋ ሲል ተገልበጥና አግድም እየዋኘህ ዳር ያዝ። ከፊትህ በውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ካየህ ግን ተቃራኒውን አድርግ፤ በደረትህ ዙርና በኃይል ዋኝተህ ላዩ ላይ ውጣ። ዛፍ እንደ ወንፊት ነው፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ያስቀራል።

ሌላው አደጋ ለመስኖ በየወንዙ የምንሠራው የውሃ መጥለፊያ ነው። በክረምት ውሃው ከላዩ ሲዘል ቁመቱ አጭር፣ መልኩም የተረጋጋ ስለሚመስል ልጆች ይዋኙበታል። ነገር ግን ዘሎ የወረደው ውሃ ወደ ታች ጠልቆ ይገባል፤ የላዩ ውሃ ደግሞ ተመልሶ ወደ ግንቡ ይፈስሳል። የገባበትን ሰው እያሽከረከረ መልሶ መላልሶ ከግንቡ ሥር ይከተዋል። አረፋው በአየር የተሞላ ስለሆነ ሰውነትን አይሸከምም። በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ ቢሆን በጎን መውጫ ይኖራል፤ ግንቡ ግን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ በመሆኑ መውጫ አያስተርፍም። ከወንዝ አደጋዎች ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን በክረምት ከመጥለፊያ ግንብ ሥር አርቁ።

ገመድ የምትጠቀሙ ደግሞ የሚሻገረውን ሰው ወገቡ ላይ አትሰሩት። ሰውየው ሲወድቅ የተወጠረው ገመድ ከውሃው በታች ይዞ ያስቀረዋል፤ ማሰሩ መርዳት ይመስላል፣ ውጤቱ ግን መስጠም ነው። ትክክለኛው መንገድ ገመድ የያዙ ሰዎች ከመሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብለው ቁጭ ብለው መጠበቅ፣ ውሃ የወሰደውንም ሰው ገመዱን ወርውረው ማስያዝ ነው። ቀዛፊዎች የሚለብሱት ተንሳፋፊ ጃኬት ሰባት፣ ስምንት ኪሎ ያህል ይሸከማል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 20 ኪሎ ይሸከማል። ተንሳፋፊው በእያንዳንዳችን ቤት አለ ማለት ነው።

ወንዙም ራሱ ይናገራል። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ቢሆንም ከላይ በደጋው ዘንቦ ይሆናል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና አረፋ ማምጣት ከጀመረ፣ ከሥሩ የድንጋይ መንከባለል ከተሰማ ደራሽ እየመጣ ነውና ባላችሁበት በኩል ከውሃው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት መሻገር ከማታው ይሻላል። መሻገር ግድ ከሆነ ዱላችሁን ከላይ በኩል ተክላችሁ፣ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ፣ ጠንካራውን ሰው ከላይ አድርጋችሁ ተያይዛችሁ እለፉ፤ ሸክማችሁንም በቀላሉ በሚጣልበት መንገድ ያዙት።

የየቀበሌው ሽማግሌዎችና ወጣቶች፣ ሰኔ ሳይገባ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ብዙ ሰው በሚሻገርበት በእያንዳንዱ መልካ አጠገብ ባለ አንድ ቤት 20 ሜትር ገመድና ሁለት ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ጀሪካን ይቀመጡ፤ የት እንዳሉም መንደሩ ሁሉ ይወቅ።