መጽሐፍ፣ ቀመርና ጠመንጃ
(በእነዋሪ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት የእነዋሪ ሜዳ ለመሐንዲስ መምህር ነው። የጅሩ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱ ሲሰነጠቅ ያየ ሰው ግድግዳውን ይወቅሳል፤ መሐንዲስ ግን ወደ መሠረቱ ይወርዳል። ስለ ቁርአን፣ ስለ ሳይንስና ስለ ታጣቂ አክራሪነት የሚደረገውን ክርክርም በዚሁ ዐይን እንመልከተው።

አንዱ ወገን ቁርአን ከሳይንስ ጋር ይጋጫል ይላል። ሌላው የዘመኑ ግኝት ሁሉ አስቀድሞ በውስጡ ተጽፏል ይላል፤ ይህንንም አስተሳሰብ ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ቡካይ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አሠራጭቶታል። ሁለቱም ወገኖች ግን ቅዱሱን መጽሐፍ እንደ ፊዚክስ መማሪያ ስለሚያነቡት ስሕተታቸው አንድ ነው። የጥንቶቹ አስተዋዮች ነበሩ። የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ብትጨልም ሕዝቡ በሞቱ ምክንያት ነው አለ፤ እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ስለ ማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጨልሙ ማስተማራቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። ፈላስፎችን አጥብቆ የነቀፈው አል ገዛሊ እንኳ፣ በሒሳብ የተረጋገጠውን የግርዶሽ ምክንያት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው የሚጎዳው ሃይማኖቱን መሆኑን ጽፏል።

እንግዲህ ጠመንጃው ከወዴት መጣ? ከድንቁርና ነው ብለን እንዳናልፍ ነገሩ እኛኑ ይነካናል። ዲዬጎ ጋምቤታና ስቴፈን ሄርቶግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእስልምና ስም ከተነሡ ታጣቂዎች ውስጥ ከተማሩት መካከል የመሐንዲሶች ቁጥር ከሚጠበቀው እጅግ በልጦ መገኘቱን አሳይተዋል። በመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒውዮርክ ለደረሰው እልቂት ከጠላፊዎቹ መሪ የነበረው ሙሐመድ አታ በካይሮ ሥነ ሕንፃ፣ በሐምቡርግ የከተማ ፕላን ያጠና ሰው ነበር። ተመራማሪዎቹ ከምክንያቶቹ መካከል ሁለቱን ያጎላሉ፤ ተምሮ ተስፋ ማጣትንና ለጥያቄ ሁሉ አንድ ቁርጥ መልስ የመሻትን ጠባይ።

ይህ የሙስሊሙ ብቻ ደዌ ነው የሚል ካለ የገዛ አገሩን ታሪክ ያስታውስ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን የተላለቁት ወጣቶች በእጃቸው የያዙት ቁርአንም ወንጌልም አልነበረም፤ የማርክስና የሌኒን ጽሑፍ ነበር። በአንጻሩ፣ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ክርስቲያን ወገኖቻችንን በሊቢያ በገደለ ጊዜ፣ ሙስሊሙ ኢትዮጵያዊ ድርጊቱን አውግዞ ከክርስቲያኑ ጋር አልቅሷል። መጽሐፉ ያው ነው፤ የተለየው አንባቢው ነው።

ባልደረቦቼ፣ እኛ ስሌታችንን ከጨረስን በኋላ እንኳ ልንሳሳት እንችላለን ብለን ለደኅንነት ተጨማሪ ብረትና ሲሚንቶ እናስገባለን። አክራሪው ይህን ትሕትና አያውቅም፤ በቀመሩ ውስጥ ለስሕተት ቦታ የለውም፤ ስለዚህም ሰው ይፈርስበታል። ለተማሪዎቻችን ከቀመሩ ጋር ይህን ትሕትና እናስተምር። የጅሩ ገበሬ አፈሩን አይረግምም፤ ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ያወጣለታል። ለወጣቱም ሥራንና ግልጽ ክርክርን ቦይ አድርገን እናውጣለት።