የታማሚው ገበታ በወረርሽኝ ወቅት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የጤና ባለሙያዎች የቀረበ ገለጻ



የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ ዐቢይ ጾም ተይዞ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ተከብሮ በአምስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ በሚኖርባቸው በደሴና በኮምቦልቻ፣ የወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት በአብዛኛው የጾም ወራት ነበሩ ማለት ነው። በቫይረሱ ቢያዙ ሕመሙ ሊጸናባቸው ከሚችሉት መካከል የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎች ይገኛሉ። መጨናነቅን ለመቀነስ ቀጠሯቸው ሲራዘም፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ምክር ለወራት ሊያገለግል ይገባዋል።

«ጨው ቀንስ፤ አትክልት አብዛ» ብሎ መሸኘት የተለመደ ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ወጡን የሚሠራው ታማሚው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደተበላና ማን እንዳዘጋጀው ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በየቤቱ ግን ጨው በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባል፤ ወጡ ሲሠራ ይደገማል፤ ቡና በጨው የሚጠጣበትም ቤት አለ። የሚቀጥለው በርበሬ ያለ ጨው እንዲፈጭ ከባለቤቱ ወይም ከልጁ ጋር በስልክ መነጋገር፣ ታማሚውን ብቻ ከመገሠጽ ይበልጣል።

ስለ ጾም ያለው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በደፈናው «አትጹም» የተባለ ሰው ዝም ብሎ ሊጾም ይችላል፤ ግሊቤንክላማይድ እየዋጠ ወይም ኢንሱሊን እየተወጋ ሳይበላ ሲውል ደግሞ የደም ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። መጠኑ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጾሙን ወዲያውኑ ሊፈታ ይገባል። በሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ ፈቃዱን ከሸኩ ወይም ከንስሐ አባቱ ቢሰማ ይቀበለዋል። መጾም ለሚችለውም የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ መወሰን አለበት። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ታማሚም እንዲሁ የሥራ ሰዓቱ ሳይጠየቅ «ከቁርስ በፊት» ተብሎ የሚጻፍ ትእዛዝ ትርጉም የለውም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ኮሮናን ይፈውሳሉ የሚለው ወሬ ማስረጃ የለውም። ቢሆንም በታማሚው ላይ መሳለቅ አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በወጥ ውስጥ መልካም ናቸው። ጉዳቱ መድኃኒት ሲያስተዉ፣ ወይም የስኳር ታማሚ ከማር ጋር እየበጠበጠ ሲጠጣቸው ነው። ለጥየቃ የሚመጣው የታሸገ ጭማቂም ከዚሁ ይቆጠራል።

ገቢው ለቀነሰ ቤተሰብ ዓሣና አፕል ማዘዝ ተስፋ ማስቆረጥ ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ምስርና ባቄላ ከገበያው አይጠፉም። ውይይቱ ጭምብል ተደርጎ፣ ርቀት ተጠብቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ በአጭሩ ይካሄድ። በመጨረሻም ታማሚው የተስማማበት አንድ ለውጥ ብቻ በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ስለ እርሱ አስቀድሞ ይጠየቅ።