የብራና መጻሕፍት ዋጋና የመድን ዋስትና

በሰቆጣ አጠገብ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከዓለት ተፈልፍሎ ቆሟል። ከዚያ እስከ ኒሯቅ በተዘረጋው የዋግ ምድር፣ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት የሚገኝ የብራና መጽሐፍ በእሳት ቢጠፋ ካሣው በምን ይሰላል?

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን ይደነግጋል፤ ካሣውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ዋጋ ግን የሚታወቀው ከገበያ ነው። ቅርስ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ የባሕር ማዶ የጨረታ ዋጋ ለገማቹ መመሪያ ሊሆን አይገባም። የሚበጀው ወጪን መቁጠር ነው፤ የተጎዳውን ለመጠገንና ለመደጎስ፣ የጠፋውንም ከቅጂ በአዲስ ብራና ለማስጻፍ የሚያስፈልገው ገንዘብ ተሰልቶ አስቀድሞ በውሉ ይስፈር።

ቅጂ ከሌለ ግን ገንዘቡ ምን ያስጽፋል? እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ፊልማቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ በኮሌጅቪል ተቀምጧል። የእነዚያ ዋናው ቢጠፋ ንባቡ ይተርፋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ዝርዝር መዝገብ፣ ቀጥሎ በሌላ ስፍራ የሚቀመጥ ቅጂ፣ ከዚያም አረቦን። ሳይመዘገብ የጠፋ መጽሐፍ መኖሩን እንኳ የሚያስረዳለት የለም።