ሰውን በስሙ ስለ መጥራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፥ ሲመረምሩት ግን ታላቅ ሆኖ የሚገኝ ነው። ይኸውም የሰውን ስም ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማሳጠርና መለወጥ ነው። «ስም ምን ያደርጋል? ሰውየው ያው ነው» የሚል ቢኖር ጥቂት ጊዜ ይታገሠን።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፥ ሴት በተወለደች በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ በዚያን ጊዜም ስመ ክርስትና ይሰጣቸዋል። ገብረ ሚካኤል፥ ወልደ ጊዮርጊስ፥ ኃይለ ሥላሴ፥ ወለተ ማርያም የሚሉት ስሞች እንዲህ ያሉ ናቸው። በጽሕፈት ሁለት ቃል ይምሰሉ እንጂ አንድ ስም ናቸው። ግእዝን ጥቂት የቀመሰ ሰው እንደሚያውቀው «ገብረ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም፤ የእገሌ አገልጋይ ማለት ነውና፥ «የማን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። መልሱም በሁለተኛው ቃል ይገኛል። ገብረ ሚካኤልን «ገብረ» ብለን ብንተወው ጌታው ያልታወቀ አገልጋይ አደረግነው፤ ወለተ ማርያምንም «ወለተ» ብንላት ልጅነቷን ትተን እናቷን ነጠቅናት። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ስም የሚቈርጥ ሰው ፊደል ብቻ የቀነሰ አይምሰለው፤ ቃል ኪዳኑን ከሁለት ከፈለው እንጂ።

ይህ ነገር በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን በብዙ ያገኛቸዋል። በዚያ ሀገር ልማድ ሰው የራሱ ስምና ከዘር ወደ ዘር የሚወርድ የቤተ ሰብ ስም አለው። በእኛ ግን ከራስ ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ሲሞላ «ገብረ» በአንድ ስፍራ፥ «ሚካኤል» በሌላ ስፍራ ይጻፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ልጁ የራሱ ስም ተትቶ በአባቱ ስም ብቻ ይጠራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነገሡበት ስም ስመ ክርስትናቸው ነበር፤ ትርጓሜውም የሥላሴ ኃይል ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ሥላሴ» የቤተ ሰብ ስማቸው እየመሰላቸው ንጉሡን «ሥላሴ» ብቻ ብለው የሚጽፉ የውጭ ሀገር ጸሐፊዎች አሉ። ይህ ለጆሯችን እንዴት ያስደነግጣል! የፈጣሪ ስም ብቻውን ለፍጡር አይሰጥምና። ሆኖም ይህን የሚያደርጉት በክፋት ነው አንልም፤ የሚበዙት ባለማወቅ ነው። ባለማወቅ የተደረገውም በአንድ ጥያቄ ይታረማል።

ከባለማወቅ ይልቅ የሚከፋው ግን በሥልጣን የሚደረገው ነው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከብቦ ልጆቿን በማረከ ጊዜ የጃንደረቦቹ አለቃ ለአራቱ ብላቴኖች አዲስ ስም አወጣላቸው፤ ዳንኤልን ብልጣሶር፥ አናንያን ሲድራቅ፥ ሚሳኤልን ሚሳቅ፥ አዛርያን አብደናጎ አላቸው። የቀድሞ ስሞቻቸውን ትርጓሜ እንመልከት። ዳንኤል ማለት እግዚአብሔር ፈራጄ ነው፤ አናንያ ማለት እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ፤ ሚሳኤል ማለት እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው፤ አዛርያ ማለት እግዚአብሔር ረዳ ማለት ነው። በአራቱም ስም ውስጥ የእግዚአብሔር ስም ነበረ፤ ባቢሎን የፋቀችውም እርሱን ነው። ንጉሡም ብልጣሶር የሚለው ስም በአምላኩ ስም የወጣ መሆኑን በገዛ አፉ ተናግሯል። ሀገራቸውን ከቀማ በኋላ የቀራቸው ስማቸው ነበርና፥ እርሱንም ሊወስድ ወደደ።

ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ማንን ተከተለች? ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ስናከብር ከእሳት የዳኑትን ሠለስቱ ደቂቅ አናንያ፥ አዛርያ፥ ሚሳኤል ብለን እናመሰግናቸዋለን። ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ፤ እናቶቻቸው ያወጡላቸው ስም ግን እስከ ዛሬ በቅኔ ማሕሌት ይጠራል።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ የባቢሎን ሥራ በጥንት ዘመን የቀረ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤል የናፈቋት ምድር ስትቀበላቸው፥ የብዙዎች ልጆች ስም በጸሐፊዎችና በመምህራን እጅ ወደ ዕብራይስጥ ተለውጧል። ከእነርሱም መካከል ካደጉ በኋላ ወላጆቻቸው ወዳወጡላቸው ስም የተመለሱ አሉ። ወደ ዐረብ ሀገር ለቤት ሥራ ከሚሄዱት እኅቶቻችንም ስማቸው በደላላ ወይም በእመቤቲቱ ፈቃድ የሚለወጥባቸው ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለችው እኅት ቀኑን ሙሉ የእርሷ ባልሆነ ስም ትጠራለች፤ አንድ ክፉ ነገር ቢያገኛት ደግሞ ወገን በስሟ እየጠየቀ ሲፈልጋት፥ በዚያ ስም የሚያውቃት ጎረቤት አይገኝም። ስም መለወጥ እስከዚህ ድረስ ያደርሳል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በሌሎች ላይ ብቻ ጥለን እንዳንሄድ። በዚህች በእኛ ሀገርም የኦሮሞው፥ የወላይታው፥ የሌላውም ብሔረሰብ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ «ይህ ስም ለአፍ ይከብዳል» እየተባለ ሌላ ስም የተጻፈበት ጥቂት አይደለም። ያ ስም ግን አባትና እናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያመሰገኑበት ወይም ተስፋ ያደረጉበት ነበር። እግዚአብሔር የሚሰማው አንድ ቋንቋ ብቻ ነውን? በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት ልሳናትን የገለጠው ሰው ሁሉ በተወለደበት ቋንቋ እንዲሰማ አይደለምን? የቤት ሠራተኛ ቀጥራ «ከዛሬ ጀምሮ እገሊት እልሻለሁ» የምትል እመቤት ብትኖር፥ እርሷም ሳታውቀው የባቢሎንን ሥራ ትሠራለች።

«እግዚአብሔርስ የሰውን ስም ለውጦ የለምን?» የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል። አዎን፤ አብራምን አብርሃም፥ ሦራን ሣራ ብሏል፤ ጌታችንም ስምዖንን ጴጥሮስ ብሎታል። ነገር ግን ሁለት ነገር እናስተውል። በመጀመሪያ፥ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሰው ስም ሲለውጥ በረከት ይጨምርበታል እንጂ አያሳንሰውም፤ አብርሃም የብዙ ሕዝብ አባት፥ ጴጥሮስም ዐለት ተባለ። ሁለተኛም፥ ያዕቆብ በያቦቅ ወንዝ ማሻገሪያ ሌሊቱን ሲታገል አድሮ እስራኤል ከመባሉ በፊት ስሙ ማን እንደ ሆነ ተጠይቋል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የያዕቆብን ስም ሳያውቅ ቀርቶ ነውን? አይደለም። ባለቤቱ ስሙን በገዛ አፉ እንዲናገር አከበረው። የሚያውቀው አምላክ ከጠየቀ፥ የማናውቀው እኛ ሳንጠይቅ ስለምን እንለውጣለን?

ቤተ ክርስቲያንም ስመ ክርስትና ስትሰጥ ወላጆች ያወጡትን ስም አትሽርም፤ ምእመኑ በዓለም በዚያ ስሙ ይጠራል፥ በጸሎት ደግሞ በስመ ክርስትናው ይታሰባል። የመነኰሰም ስሙን የሚለውጠው ዓለምን በፈቃዱ ትቶ ነው።

ሰኔ 30 ቀን ልደቱን የምናከብረው የመጥምቁ ዮሐንስም ነገር ይህን ያስተምረናል። በስምንተኛው ቀን ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስበው ልጁን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደዱ። ዘካርያስ የተከበረ ስም ነበረ፤ የልጁ ግን አልነበረም። ኤልሳቤጥ ሳትሳደብ፥ ሳታፍርም አይሆንም አለች፤ ስሙንም ነገረቻቸው። እነርሱም ወደ አባቱ ዞረው በምልክት ጠየቁት፤ አንደበቱ ተዘግቶ ነበርና በሰሌዳ ላይ ጽፎ አጸናላቸው። እነዚያ ጎረቤቶች ሲጀምሩ ተሳሳቱ፤ ሲጨርሱ ግን ጠየቁ፥ ተቀበሉም። ለእኛም ይህ ይበቃናል።

እንግዲህ ቁልምጫ ሁሉ ኃጢአት ነው አንልም። እናት ልጇን «ኃይልዬ» ስትለው፥ ባልንጀራም ባልንጀራውን «ገብሬ» ሲለው ከፍቅር የወጣ ነው፤ ተጠሪውም ደስ ብሎት አቤት ይላል። ስሙን በፈቃዱ ያሳጠረ ወይም የለወጠ ቢኖርም አንፈርድበትም፤ ስሙ የእርሱ ነውና። መለኪያው የባለ ስሙ ፈቃድ ነው። መምህር ሆይ፤ የተማሪህ ስም ቢከብድህ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግመህ ተማረው። ጸሐፊ ሆይ፤ ከመጻፍህ በፊት «እንዲህ ነውን?» ብለህ አሳየው። እመቤት ሆይ፤ ቤትሽ የገባችውን ልጅ ስሟን ጠይቂያት፥ በዚያም ጥሪያት። ስምህ የተቈረጠብህ ወንድም፥ ስምሽም የተለወጠብሽ እኅት፤ እንደ ኤልሳቤጥ በትሕትና ነገር ግን ሳታፍሩ ሙሉ ስማችሁን ተናገሩ።

ቸር እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል። በትንሣኤ ማለዳ መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ ስፍራ ቆማ ስታለቅስ ጌታን አትክልተኛ መስሏት ነበር፤ ያወቀችው በስሟ በጠራት ጊዜ ነው። እኛንም አንድ ቀን በስማችን ይጠራናል። ያን ቀን በስማችን ልንጠራ የምንወድ ሁላችን፥ ዛሬ ባልንጀራችንን በስሙ እንጥራው። ስማችንን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።