ከጡት ነቀርሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙ እንዳያገረሽ
(ለካምፑ ነዋሪዎች የተሰጠ የጤና ትምህርት ንግግር)



ከካኩማ ወደ ናይሮቢ ሪፈር ተብላ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት እህት፣ ቁስሏ ሲደርቅ «ተገላገልኩ» ትላለች። ጎረቤትም «እንኳን ማረሽ» ይላታል። ደስታው ተገቢ ነው። ሆኖም የቁስል መዳንና የሕክምና መጨረስ አንድ አይደሉም። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው።

ሐኪሙ ቀዶ የሚያወጣው የሚታየውን ዕጢ ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቂት የነቀርሳ ሕዋሳት ግን አስቀድመው በደም ወይም በንፍፊት መስመር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሄደው ሊሆን ይችላል። ሕመሙ የሚያገረሸው ከእነዚህ ነው። አንዳንዶች እንደሚሉት ቢላዋ ስለነካው፣ ወይም የሰው ዓይን ስላረፈበት አይደለም።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። የሚያከብዱት ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ነቀርሳው ወደ ብብት ንፍፊቶች ገብቶ ከሆነ፣ በተለይም 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፤
2. ዕጢው ትልቅ፣ በተለይም ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፤
3. ሕዋሳቱ በፍጥነት የሚራቡ ከሆነ፤
4. በተቆረጠው ሥጋ ጠርዝ ላይ ነቀርሳ ከተገኘ፤
5. በሆርሞን መድኃኒት የማይታከም ዓይነት ከሆነ። ይህ ዓይነት ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በፊት ነው። በሆርሞን መድኃኒት የሚታከመው ግን ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል፤
6. ሕመምተኛዋ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች።

ከእነዚህ አብዛኞቹን መለወጥ አንችልም። ሕክምናውን መፈጸም ግን በእጃችን ነው። ጡት ሳይቆረጥ ዕጢው ብቻ ሲወጣ የጨረር ሕክምና ይታዘዛል። ከ10,000 በላይ እንዲህ የታከሙ ሴቶችን ያካተተና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ጨረር ካልወሰዱት ከ100 ወደ 35 በሚሆኑት፣ ከወሰዱት ግን በ19 ያህሉ ሕመሙ ተመልሷል። ታሞክሲፈን የተባለውም ክኒን ለሚስማማቸው ሴቶች 5 ዓመት ሙሉ ሲወሰድ የማገርሸትን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥ ይህን ጥቅም ያሳጣል። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሲቀር ወደ ክሊኒክ ቅረቡ። በእርግዝና ጊዜ ስለማይወሰድ ስለ እርግዝና መከላከያ ሐኪም አማክሩ።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። የላቦራቶሪው ውጤት የንፍፊቱን ቁጥር፣ የዕጢውን መጠንና ዓይነት ይናገራል። ወደ ሌላ ካምፕ ብትዛወሩ ወይም ሦስተኛ አገር ብትሄዱ አዲሱ ሐኪም የሚመራው በዚህ ነው። ከራሽን ካርዳችሁ ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙት።

በጠባሳው፣ በብብት ወይም ከአንገት ሥር አጥንት በላይ እብጠት ካያችሁ፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ትውከት ያለበት ራስ ምታት ከተሰማችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።

ባሎችና ጎረቤቶች ሆይ፤ ነቀርሳ አይተላለፍም። እህታችን ለሕክምና ስትሄድ ልጆቿን የሚጠብቅ፣ ውኃዋን የሚቀዳና ራሽኗን የሚያወጣላት ካገኘች ቀጠሮዋ አይቀርም። ቀጠሮዋ ካልቀረ ደግሞ ሕክምናዋን ትፈጽማለች።

 አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።